«በስልክህ ፈልግልኝ፤ አንጀት የሚተካ ነገር የለም ወይ?»

«ልጄ፣ እስኪ በዚያ ስልክህ ፈልግልኝ። አንጀት የሚተካ ነገር የለም ወይ?»

ይህን ያሉኝ አጎቴ ናቸው፤ ጎንደር እኛ ቤት ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው። ቀልድ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት አንጀታቸው ተጠማዞ፣ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። ሰገራቸው የሚወጣው ሆዳቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ሐኪሞቹ ኮሎስቶሚ ይሉታል። ድሮ ሰርግ ያለ እሳቸው የማይደምቅ ሰው፣ «ሽታው ሰው ይረብሻል» ብለው ደጅ መውጣት አቁመዋል።

የጀመረው ደባርቅ አካባቢ ካለው መንደራቸው ነው። አንድ ማታ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። «ቁርጠት ነው» ተባለ። ጤና አዳም ጠጡ፣ ሆዳቸው ታሸ፣ ሌሊቱ አለፈ። ሲነጋ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አወጣቸው። ከዚያ ደግሞ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሲደርሱ አንጀታቸው ጠቁሮ ነበር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? ትልቁ አንጀት ወደ መጨረሻው አካባቢ ሲግሞይድ የሚባል ክፍል አለው። ይህ ክፍል ረዥም ሲሆን እንደ ገመድ ሥሩ ላይ ሊጠማዘዝ ይችላል። ያኔ አየርም ሰገራም አያልፍም፣ ደሙም ይቋረጣል። ቶሎ ከተደረሰ ሐኪሙ ከታች በኩል ቱቦ አስገብቶ፣ ሆድ ሳይከፈት ሊፈታው ይችላል። ተመልሶ እንዳይጠማዘዝ ቆየት ብሎ በቀጠሮ ይሠራል። ከዘገየ ግን አንጀቱ ይሞታል።

በአውሮፓ ይህ በአብዛኛው የአዛውንቶች ሕመም ነው። በእኛ አገር በጉልበት ሥራ ላይ ያሉ ወንዶችን ሳይቀር ይይዛል። የቦሊቪያና የፔሩ ደገኞችም ያውቁታል። ገለባ የበዛበት ምግብና የቦታ ከፍታ ይጠረጠራሉ።

ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ። ስልኬን ከፍቼ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። ለካ አንጀት ራሱ መጠገኛ ይሆናል!

የአንጀት ግድግዳ ድርብርብ ነው። ከውስጠኛው ሽፋን ቀጥሎ ያለው ስስ ግን ጠንካራ ድር ነው። አባቶቻችን ጥንካሬውን ያውቁታል፤ የበገና አሥሩ አውታሮች የሚከረሩት ከበግ አንጀት ነው። ሐኪሞችም ከበግና ከከብት አንጀት የተሠራ፣ ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ የስፌት ክር ለዘመናት ተጠቅመዋል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ባዲላክና ባልደረቦቹ ይህንን ድር ከራሱ ከውሻው አንጀት ወስደው በደም ሥሩ ምትክ ሰፉት። የውሻው ሰውነት ድሩን እንደ ጭቃ ቤት ማገር ተጠቀመበት፤ የራሱን ሕዋሳት መረገበት። ከማገር የሚለየው፣ ግድግዳው ሲቆም ድሩ ቀስ በቀስ መጥፋቱ ነው። ዛሬ ከአሳማ አንጀት ተወስደው ሕዋሳታቸው የታጠቡ እንዲህ ያሉ ድሮች ለቁስል እና ለሄርኒያ ጥገና ያገለግላሉ።

ታዲያ ለአንጀትስ? በ2001 (እ.ኤ.አ.) በውሾች ላይ የታተመ ሙከራ ነበር። ቀዳዳ ላይ እንደ ጨርቅ ሲለጠፍ ሠራ። ሙሉ ቱቦ ተደርጎ ሲገባ ግን ከሸፈ። አይገርምም፤ አንጀት ባዶ ቧንቧ አይደለም። ምግቡን የሚገፋ ጡንቻ፣ ጡንቻውን የሚያዝ ነርቭ፣ ሁሉንም የሚመግብ ደም ይፈልጋል። ውስጡ ደግሞ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ስፌቱ ትንሽ ካፈሰሰ ሆድ ይመረዛል።

«የአሳማ» የሚለውን ስነግራቸው አጎቴ ፊታቸውን አዞሩ። ጎንደር ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ይጠይቃል፤ ሐኪሙም አስቀድሞ ሊነግር ይገባል። ደስ ያለኝ ግን ኒውዚላንድ ውስጥ ከበግ ጨጓራ ተመሳሳይ ድር እንደሚሠራ ማንበቤ ነው። «እኛ ዱለት የምናደርገውን?» ብለው ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«እና አለ ወይስ የለም?» አሉኝ ቀጥለው።

«ገና ነው አጎቴ» አልኳቸው። «ግን የእርስዎ አንጀት የቀረው ደህና ነው።»

እውነትም ከወራት በኋላ ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው ተሰፉ፣ የሆዳቸው ቀዳዳ ተዘጋ። የተካው ነገር የለም፤ የራሳቸው አንጀት በክር ተቀጠለ። በመጀመሪያው ሌሊት ቢመጡ ኖሮ ምናልባት ያ ሁሉ ስቃይ ባልመጣ።

ስለዚህ ይህንን የምታነቡ ልጆች፣ ገጠር ያሉ ወላጆቻችሁ ስልክ ላይ የሚደውሉት ለእናንተ ነው። «ሆዴ ተነፋ፣ ይቆርጠኛል፣ ፈስም ሰገራም እምቢ አለኝ» ካሉ ቁርጠት ነው ብላችሁ አትለፉት። አይታሽ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አይሰጥ። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌር ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። እኔ የመዘገብኩት ከአጎቴ በኋላ ነው።