በቃል ያለ ይረሳል



ለትምህርት ቤታችን የተገዛው አዲስ የመስክ መኪና በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካምቢዮው ተበላሸ። በመጨረሻው ጊዜ ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ቦረና ስንመለስ ዋደራ ላይ ቆመና የጫንነውን የተማሪዎች መጽሐፍ የጭነት መኪና ተከራይተን አደረስን። ሻጩ ግን «ያበላሸው መንገዱ ነው፤ ዋስትናው አይሸፍነውም» አለን። ለመጥፎ መንገድ ተብሎ የተሸጠ መኪና መንገዱ መጥፎ ነው ተብሎ ዋስትና ይነፈገዋልን?

ይሁን እንጂ እኛም ከጥፋት ነፃ አይደለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ያዛል። እኛ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብልሽቶች በስልክ ነግረን በራሳችን ወጪ አስጠገንን። ዛሬ ሻጩ «አልሰማሁም» ሲል የምናሳየው ወረቀት የለንም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ በነገሌም በያቤሎም በሞያሌም ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መኪናችሁ በቆመ ቁጥር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጠቅሳችሁ ለሻጩ ደብዳቤ ጻፉ፤ ግልባጩንም በፋይል አኑሩ። ሻጮችም ዋስትናው የማይሸፍነውን ገንዘባችንን ከመቀበላቸው በፊት ይንገሩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ መምህር
ከነገሌ ቦረና