ዊንዶስ 11፦ በላዩ ላይ ይጫን ወይስ «ፎርማት» ይደረግ?

በንግድ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር የሚታወሰው ሲቆም ነው፡፡ ደረሰኝ እስካወጣ፣ የመጋዘኑን ቀሪ ዕቃ እስካሳየና ደብዳቤ እስካተመ ድረስ በውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ባለንብረት ጥቂት ነው፡፡ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ግን አንድም ኮምፒዩተር ሳይቆም ብዙዎቹ በአንድ ጀምበር ያረጁበት ዕለት ነበር፡፡ የማይክሮሶፍት ኩባንያ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ለገበያ ላቀረበው ዊንዶስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና በዚያ ዕለት አቁሟል፡፡

እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ቢሮ የተጠራ የኮምፒዩተር ባለሙያ የሚናገረው የተለመደ ቃል አለ፡፡ «ፎርማት ላድርገውና ዊንዶስ 11 ልጫንበት» ይላል፡፡ ባለቤቱም «ይሁን» ይለዋል፡፡ ይህች «ይሁን» የምትባል ቃል ግን የቀናት ሥራ ልታስፈታ፣ ሲከፋም የዓመታት ሒሳብ ይዛ ልትጠፋ ትችላለች፡፡ አዲሱን ሲስተም ለመቀበል ያለው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፡፡ ከመንገዶቹ አንዱን መምረጥ ያለበትም ሥራው ሲቆም የሚከስረው ሰው፣ ማለትም ባለንብረቱ ነው፡፡

ጥገናው መቆሙ ምን ያመጣል?

ዊንዶስ 10 የተጫነበት ኮምፒዩተር ዛሬም ይከፈታል፣ ይሠራል፡፡ ልዩነቱ፣ ወደፊት በሲስተሙ ውስጥ የሚገኝ ቀዳዳ ተጨማሪ አገልግሎት ላልገዛ ተጠቃሚ የማይደፈን መሆኑ ነው፡፡ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለም አይቶታል፡፡ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ፣ ለመክፈቻ በየኮምፒዩተሩ 300 ዶላር በቢትኮይን እንዲከፈለው ጠየቀ፡፡ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ ፈቱ፡፡ ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ጥገና ግን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፡፡ የተጎዱት ጥገናውን ያልጫኑና ጥገና በማያገኝ አሮጌ ሲስተም ሲሠሩ የነበሩ ናቸው፡፡ የደንበኛ ዱቤ፣ የባንክ ደብዳቤና የሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያስቀመጠ ነጋዴ ከዚህ የሚማረው አለ፡፡

መጀመሪያ ዕቃውን መለየት

ስለ መጫኛው መንገድ ከመነጋገር በፊት ኮምፒዩተሩ ዊንዶስ 11ን ይቀበላል ወይ የሚለው መታወቅ አለበት፡፡ ማይክሮሶፍት ያወጣው መሥፈርት ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት የሚባለው መቆጣጠሪያና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፡፡ ብዙዎችን የሚጥለው ግን ፕሮሰሰሩ ነው፡፡ ከኢንቴል ምርቶች፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ ተቀባይነት ያላቸው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ናቸው፡፡

ትውልዱን ለመለየት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፡፡ ኮር አይ5 ወይም አይ7 ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማየት ነው፡፡ 7200 ቢል 7ኛ፣ 8250 ቢል 8ኛ፣ 10210 ቢል ደግሞ 10ኛ ትውልድ ነው፡፡ ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛም ሆነ ለሚያሻሽጥ ሰው ይህች ቁጥር የድርድር መነሻ ናት፡፡ 7ኛውና 8ኛው ትውልድ ጎን ለጎን ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ አንዱ ግን ወደ አዲሱ ሲስተም በሕጋዊ መንገድ ይሻገራል፣ ሌላው እዚያው ይቀራል፡፡ በመሆኑም ሁለቱን በአንድ ዋጋ መግዛት ኪሣራ ነው፡፡

በተቃራኒው «ይህ ኮምፒዩተር አይቀበልም» ተብሎ በርካሽ እንዳይሸጥም ጥንቃቄ ያሻል፡፡ ቲፒኤም በበርካታ ኮምፒዩተሮች ውስጥ እያለ ባዮስ በሚባለው መቆጣጠሪያ ጠፍቶ ይገኛል፡፡ ማብራት ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል፡፡ ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፒሲ ኸልዝ ቼክ የተባለ ፕሮግራም የጎደለውን ለይቶ ይናገራል፡፡

አራቱ መንገዶች

አንደኛው፣ ዊንዶስ 10ን ሳያጠፉ አዲሱን በላዩ ላይ መጫን ነው፡፡ ፋይሎች፣ ፕሮግራሞችና አብዛኛው አሠራር ባለበት ይቆያል፡፡ ሕጋዊ ዊንዶስ 10 ላለው ሰው ክፍያ የለውም፡፡ ሌላም ጥቅም አለው፤ ነገሩ ካልተስማማ በ10 ቀናት ውስጥ ወደ ዊንዶስ 10 መመለስ ይቻላል፡፡ በንግድ ቋንቋ ዕቃውን ሞክሮ የመመለስ መብት እንደማለት ነው፡፡ ጉድለቱ፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ይዞት የነበረው ችግር አብሮ መሻገሩ ነው፡፡ ቫይረስ ካለ ሊከተል ይችላል፤ በማያስፈልጉ ፕሮግራሞች የተጨናነቀም እንደተጨናነቀ ይቀጥላል፡፡

ሁለተኛው በተለምዶ «ፎርማት» የሚባለው ነው፡፡ ዲስኩ ይጠረግና ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል፡፡ ኮምፒዩተሩ ንጹሕ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ይፈጥናል፡፡ ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር ሳይቀር፣ እንደገና መጫን አለበት፡፡ እዚህ ላይ ብዙ ቢሮ የሚሰናከለው በሒሳብ ፕሮግራሙ ነው፡፡ በአገራችን ብዙ ድርጅቶች የሚሠሩበት ፒችትሪ ከዓመታት በፊት ተጭኖ፣ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀትም ሆነ የጫነው ሰው የት እንዳለ የማይታወቅበት ቢሮ አለ፡፡ የአማርኛ ደብዳቤዎችም ቢሆኑ በአሮጌዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ከተጻፉ፣ ፊደሉ ተመልሶ ካልተጫነ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ያሳያሉ፡፡

ሦስተኛው መንገድ ጊዜ መግዛት ነው፡፡ ማይክሮሶፍት በዊንዶስ 10 መቆየት ለሚፈልጉ የደኅንነት ጥገናውን በክፍያ ያራዝማል፡፡ ለድርጅቶች ያወጣው ዋጋ በአንድ ኮምፒዩተር የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል፡፡ በሁለተኛው ዓመት የሚገባ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ሒሳብ ጨምሮ ይከፍላል፡፡ ለግል ተጠቃሚዎች በተዘጋጀው ደግሞ ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ የኮምፒዩተሩን አሠራር መረጃ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ላያያዘ ግን ያለክፍያ እንዲሰጥ ተደርጓል፡፡ ይህኛው ሲታወጅ የተቀመጠለት የጊዜ ገደብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲሆን፣ በድርጅት ዶሜይን ኔትወርክ ላይ የታሰረ ኮምፒዩተርን አይመለከትም፡፡

አራተኛው አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ነው፡፡ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር የባንክ ዋጋ፣ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፡፡ ኮምፒዩተር ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፡፡ ስለዚህ ይህ መንገድ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም፡፡

ከአራቱ ውጭ በየቦታው የሚወራ አምስተኛ መንገድም አለ፡፡ መሥፈርቱን አታልሎ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶስ 11 መጫን ይቻላል፡፡ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ጥገና ለማግኘቱ ዋስትና አይሰጥም፡፡ ጥገና ፍለጋ ተሻግሮ ጥገናው ካልተገኘ ድካሙ ለምን ነበር?

ሒሳቡን እንሥራው

አሥር ኮምፒዩተር ያለው አንድ አስመጪ ድርጅት እናስብ፡፡ ስድስቱ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ሕጋዊ ዊንዶስ 10 ያላቸውና ደህና የሚሠሩ ናቸው፡፡ አንዱ መሥፈርቱን ቢያሟላም ያለ ፈቃድ በተቀዳ ዊንዶስ የሚሠራና በየጊዜው የሚቆም ነው፡፡ ሦስቱ ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በፊት የተሠሩ ናቸው፡፡

ለስድስቱ በላዩ ላይ መጫን ያዋጣል፡፡ ወጪው የባለሙያው ዋጋና በየኮምፒዩተሩ የሚባክነው ጥቂት ሰዓት ነው፡፡ «ፎርማት» ቢደረጉ ባለሙያው የሚጠይቀው ዋጋ ላይለይ ይችላል፤ የሚለየው በሒሳቡ ውስጥ የማይታየው ወጪ ነው፡፡ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፕሮግራሙ እስኪመለስላት ሁለት ቀን እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ደመወዟ አይቆምም፤ ሳይወጣ የቀረው ደረሰኝ፣ ሳይሰበሰብ የዋለው ዱቤም አለ፡፡ የኢኮኖሚክስ ሰዎች ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚሉት ይህንኑ ነው፡፡

ሰባተኛው ኮምፒዩተር ግን «ፎርማት» የግድ ይለዋል፡፡ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ዊንዶስን የሚያስከፍቱት ፕሮግራሞች ቫይረስ የሚደበቅባቸው በመሆናቸው፣ በዚያ ላይ መደረብ በበሰበሰ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ነው፡፡ ታሪኩ ሳይታወቅ ከገበያ የተገዛ ያገለገለ ኮምፒዩተርም የሚገባው ይኸው ነው፡፡ እርግጥ «ፎርማት» ፈቃድ አይሰጥም፤ ሕጋዊው ፈቃድ ለብቻው መገዛት አለበት፡፡

ለሦስቱ አሮጌዎች ጊዜ ቢገዛላቸው የመጀመሪያው ዓመት 183 ዶላር፣ ሁለተኛው 366፣ ሦስተኛው 732፣ በድምሩ 1,281 ዶላር ይሆናል፡፡ በየኮምፒዩተሩ 427 ዶላር መሆኑ ነው፡፡ አንድ ዓመት መግዛት ለአዲስ ዕቃ ገንዘብ ለማጠራቀም ጊዜ ስለሚሰጥ ያስኬዳል፤ ሦስት ዓመት መግዛት ግን ለአሮጌ ዕቃ የተሻለ ዕቃ ዋጋ መክፈል ነው፡፡ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑም አይዘነጋም፡፡ በመሆኑም ከሦስቱ አንዱ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ለጽሕፈት ብቻ እንዲያገለግል ቢደረግ፣ ሁለቱ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ቢተኩ የተሻለ ነው፡፡

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ብዙ ባለንብረቶች የማያውቁት አንድ አደጋ አለ፡፡ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በወጣው የዊንዶስ 11 ዝርያ (24ኤች2)፣ ሲስተሙ እንደ አዲስ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት ዲስኩ ራሱን በምስጢር ይቆልፋል፡፡ መክፈቻው ረጅም ቁጥር ሲሆን፣ የሚቀመጠውም በመጀመሪያ በተገባበት አካውንት ውስጥ ነው፡፡ ባለሙያው ለጥድፊያ ብሎ በራሱ አካውንት ከጫነው፣ የድርጅቱ ዲስክ ቁልፍ በባለሙያው እጅ ገባ ማለት ነው፡፡ ከስድስት ወር በኋላ ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ቢጠይቅና ባለሙያው ስልኩን ቀይሮ ቢገኝ፣ መረጃው በቢሮው ውስጥ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል፡፡ አካውንቱ በድርጅቱ ስም ይከፈት፤ ቁጥሩም ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በካዝና ይቀመጥ፡፡

ከመጀመር በፊት

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ የመጀመሪያው ሥራ መረጃውን በሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው፡፡ መገልበጡ ብቻም አይበቃም፤ ዲስኩን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ የሒሳቡ ፋይል በትክክል መከፈቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል፡፡ ሳይከፈት የታመነ ቅጂ ሳይቆጠር እንደተረከቡት ብር ነው፡፡

ሁለተኛ፣ አሥሩም በአንድ ቀን አይነኩ፡፡ ጉዳቱ ቀላል የሆነ አንድ ኮምፒዩተር ተመርጦ ይሞከር፤ ፕሪንተሩ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙና የአማርኛ ጽሕፈቱ ለአንድ ሣምንት ይታይ፡፡ የ10 ቀኑ የመመለሻ ጊዜ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፡፡ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ኮምፒዩተር ካለ የመሣሪያውን አቅራቢ ሳይጠይቁ መንካት አይገባም፡፡

ሦስተኛ፣ የመጫኛው ፋይል ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ለአሥር ኮምፒዩተር አሥር ጊዜ ማውረድ የኢንተርኔት ጥቅል ማባከን ነው፡፡ አንድ ጊዜ ከማይክሮሶፍት አውርዶ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት ለሁሉም ይበቃል፡፡ በሥራው መሐል መብራት ቢጠፋ ሲስተሙ ሊበላሽ ስለሚችል ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ላይ፣ ላፕቶፑም ባትሪው ሞልቶ ከመብራት ጋር ይያያዝ፡፡

የመጨረሻው ቀኑን መምረጥ ነው፡፡ የሒሳብ ኮምፒዩተር በሰኔ መጨረሻ፣ በደመወዝ ሣምንት ወይም የግብር ማስታወቂያ በሚቀርብበት ሰሞን አይነካም፡፡ ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ እሑድ የሚፈተሽ ሥራ፣ ቢበላሽ እንኳ ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት መልስ ሊገኝለት ይችላል፡፡

እንግዲህ ባለሙያው «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ይሁን» ከመሆኑ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፡፡ ቅጂው ተከፍቶ ታይቷል? የሒሳብ ፕሮግራሙ መለያ ቁጥር የት ነው? አካውንቱስ በማን ስም ነው? ለሦስቱም መልስ ያለው ባለንብረት የትኛውንም መንገድ ቢመርጥ ብዙ አይጎዳም፡፡ መልስ የሌለው ግን ባለሙያውን አመስግኖ ለሌላ ቀን ቢቀጥረው ይሻለዋል፡፡