ልጅቷን ስንተኛ ደረጃ እናስገባት?

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰኔ ሲጋመስ፣ አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ጂምናስቲክ የሚያሠሩ ወላጆች አንድ ኢሜይል ይጠብቃሉ። ልጅቷ በመጪው ዓመት በስንተኛ ደረጃ እንደምትወዳደር የሚገልጽ የአሠልጣኟ መልእክት ነው። ቢበዛ ሁለት መስመር ነው፤ የሚያስከትለው ስልክ፣ ኩርፊያ፣ አንዳንዴም ክለብ ቀይሮ መሄድ ግን ብዙ ነው። እኔም ያን ኢሜይል ከፍቼ ልጄ ደረጃ 4ን እንደምትደግም ያነበብኩበት ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ላሉት አያቷ በስልክ ስነግራቸው መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣው «ውይ! ወደቀች እንዴ?» የሚል ነበር።

አልወደቀችም። ግን ለእሳቸው ማስረዳት ቸገረኝ። እኛ ያደግነው የደገመ አንገቱን ደፍቶ፣ ደብል የመታ ደግሞ ሰፈር ሁሉ አውርቶለት በሚኖርበት ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ደረጃዋን የደገመችው ልጅ ወርቁን አጥልቃ ስትቆም፣ በጊዜዋ ወደ ላይ የወጣችው ከታች ትሰለፋለች። ወላጆችንና አሠልጣኞችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ የሚነሳው ከዚሁ ነው፦ አንዲት ልጅ የት ደረጃ መወዳደር እንዳለባት የሚወስነው ማነው? በምን ሚዛን?

መሰላሉ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። ዩኤስኤ ጂምናስቲክስ የሚመራው የሴት ልጆች ፕሮግራም፣ ቀድሞ ጁኒየር ኦሊምፒክ ይባል የነበረው፣ 10 ደረጃዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው አደረጃጀት ከ1 እስከ 5 ያሉት አስገዳጅ ይባላሉ። በአገሩ ሁሉ ያሉ ልጆች በአንድ ሙዚቃ፣ ያንኑ እንቅስቃሴ በዚያው ቅደም ተከተል ይሠራሉ። ከ6 ጀምሮ እያንዳንዷ ልጅ በተቀመጠላት ወሰን ውስጥ የራሷን ትርኢት ታዘጋጃለች። መወዳደሪያው አራት ነው፤ ዝላይ፣ ሁለቱ ዘንጎች፣ የሚዛን እንጨትና ወለል። እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል፤ ድምሩ ከ40 ነው። ከእንጨቱ የወደቀች ግማሽ ነጥብ ይቀነስባታል። የታጠፈ ጉልበትና ያልተወጠረ የእግር ጣት ደግሞ ጥቂት በጥቂት ይሸረሽራል። በእነዚህ ደረጃዎች አንደኛዋን ከሦስተኛዋ የሚለየው ብዙ ጊዜ ከአንድ አሥረኛ ያነሰ ነገር ነው።

ችግሩ ያለው በሕጉ አሠራር ላይ ነው። ወደ ላይኞቹ ደረጃዎች ለመውጣት በታችኛው ደረጃ የተወሰነ ነጥብ ማምጣት ያስፈልጋል። ይህም ያልደረሰች ልጅ አቅሟ የማይችለውን እንዳትሞክር ይጠብቃታል። ታች ሁሉንም እያሸነፈች የምትቆይ ልጅን ግን በዚያው ግልጽነት «ይበቃሻል፣ ውጪ» የሚላት የለም። ውሳኔው የአሠልጣኙ ነው። አሠልጣኙ ደግሞ የክለቡ ሠራተኛ ነው።

አሜሪካውያን ይህን ሳንድባጊንግ ይሉታል፤ ቃሉ ከአሸዋ ከረጢት የመጣ ነው። ከፍ ብላ መወዳደር የምትችለውን ልጅ ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ይዞ ሜዳልያ መሰብሰብ ማለት ነው። ክለቡ የሚያገኘው ጥቅም የታወቀ ነው። የቡድን ውጤት የሚሠራው የክለቡን ምርጥ ነጥቦች በመደመር ነው። ዋንጫው መግቢያው ላይ ይደረደራል፤ የስቴት ሻምፒዮን የሚለው ጨርቅ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። አዲስ ወላጅ ልጁን ይዞ ሲገባ መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው ያን ጨርቅ ነው፤ ከዚያ ይመዘገባል። እኔም እንደዚያ ነው ያስመዘገብኳት።

ከ10ሩ ደረጃዎች ጎን ኤክሴል የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ እያለ እስከ ዳይመንድና ሳፋየር ይደርሳል። የልምምድ ሰዓቱ ያነሰ፣ ወጪው የቀለለ፣ ምርጫው የሰፋ ስለሆነ ብዙ ልጆችን ስፖርቱ ውስጥ አቆይቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሁለት ዓመት በአስገዳጁ መስመር የሠለጠነች ልጅ ወደ ኤክሴል ታችኛው እርከን ስትመጣ፣ ከወራት በፊት ከጀመረች ልጅ ጎን ትሰለፋለች። ቅሬታው የሚበረታውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ልጄ ደረጃ 4ን በጀመረችበት የመጀመሪያ ዓመት ያየሁትን ልንገራችሁ። ደረጃ 4ን ከ3 የሚለየው አንድ ነገር ኪፕ ነው። ልጅቷ ዘንጉን ይዛ ወደፊት ትወናጨፋለች፤ የእግሮቿን ጣቶች ወደ ዘንጉ ታመጣለች፤ ከዚያ በአንድ ምት ሽቅብ ተስባ ወገቧን ዘንጉ ላይ ታሳርፋለች። ሲያዩት ቀላል ነው። ልጄ ግን ዓመት ሙሉ ታግላለች። መዳፏ እየተላጠ፣ ጠመኔው ቁስሉ ውስጥ እየገባ፣ ማታ ቫዝሊን ቀብተን በካልሲ ጠቅልለን ነበር የምናስተኛት። ኪፑ የመጣላት ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በመጀመሪያው ውድድር ክንዷ ታጥፎ፣ ተንገዳግዳም ቢሆን፣ ሠራችው። 8.4 ሰጧት። ከእሷ ቀጥላ የወጣችው ልጅ ያንኑ እንቅስቃሴ ውኃ እንደሚፈስ አድርጋ ሠርታ 9.7 አመጣች። ወንበራችን ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ በጆሮዬ፣ «እማዬ፣ እሷ እኮ አምናም ደረጃ 4 ነበረች» አለችኝ። ልጆቹ ያውቃሉ። ማን ስንት ዓመት እንደቆየ ከእኛ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት የደገመችው ልጄ ሆነች፤ ወርቁም የእሷ ሆነ። ያን ቀን አንዲት እናት ዞር ብላ ያየችን አስተያየት እስከ ዛሬ ይታየኛል፤ እኔ አምና ያቺን ልጅና እናቷን ያየኋቸውን ዓይነት ነበር። ያኔ ነው ነገሩን እንደገና ማሰብ የጀመርኩት።

መድገም ብዙ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት አለው። በአንድ ዓመት ቁመቷ በድንገት የጨመረ ልጅ የለመደችው ሚዛን ይጠፋባታል። የእጅ አንጓና የተረከዝ አጥንት የሚያድግበት ክፍል በዚህ ዕድሜ ገና አልጠነከረም፤ ሳይደርስ የተጫነው ሸክም ይጎዳዋል። ወደ ኋላ መገልበጥ ድንገት የሚያስፈራት ልጅም አለች፤ ትናንት የሠራችውን ዛሬ እግሯ እምቢ ይላል። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ነጥብሽ ደርሷል» ብሎ ወደ ላይ መግፋት ጭካኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ ይፋ የሆነው በአን ዋይት የተመራው ምርመራ ልጆች ጉዳት ላይ ሆነው እንዲሠለጥኑ ይገደዱ እንደነበር በዝርዝር አሳይቷል። የመቸኮሉን ዋጋ ስፖርቱ ራሱ ያውቀዋል። ሲሞን ባይልስም ብትሆን በታዳጊዎች ኤሊት፣ ማለትም በከፍተኛው የውድድር እርከን፣ የታየችው በ14 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በዚያ ዓመት ብሔራዊ ሻምፒዮና 14ኛ ወጣች። በ2013 አንትወርፕ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ብዙ ወላጅ የሚያነሳው መፍትሔ አስገዳጅ ጣሪያ ነው፤ ይህን ያህል ነጥብ ያመጣች በሚቀጥለው ዓመት ትውጣ የሚል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ አልስማማበትም። አንዱ ጋ 38 የሚያሰጥ ትርኢት ሌላ ቦታ፣ በሌሎች ዳኞች ፊት 37 ሊያሰጥ ይችላል። ከዚህም የሚብሰው፣ ደረጃ 4ን አሳምራ የምትሠራ ልጅ የደረጃ 5 ክህሎት ላይኖራት ይችላል። ነጥብ የሚለካው ያለው ምን ያህል እንዳማረ ነው፤ ቀጣዩ መምጣቱን አይለካም። ጣሪያው ቢኖር አሠልጣኙ የሚገፋት ከነፍርሃቷ ነው። ይልቅ የመጀመሪያ ዓመት ተወዳዳሪዎችን ከደጋሚዎቹ ለይቶ መሸለም ይሻላል። ልጆች በዕድሜ ተከፋፍለው እየተወዳደሩ ነው፤ በቆይታ መክፈልም አያቅትም።

ከዚያ በላይ ግን ወላጅ አሠልጣኙን ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ እኔም ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት። ጥያቄው ልጅቷ በልምምድ ላይ ምን እየሠራች ነው የሚል ነው። ደረጃ 4ን የምትደግም ልጅ ማክሰኞና ሐሙስ የደረጃ 5 እና 6 ክህሎት የምትለማመድ ከሆነ፣ የምትወዳደርበት ደረጃ ማረፊያዋ ነው፤ ሥራዋ ከዚያ በላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ትርኢት፣ ያንኑ የእግር ጣት ብቻ እየወለወለች ከሆነ ግን ሜዳልያው የክለቡ ነው፤ ያለፈው ዓመት ግን የእሷ ነው፣ አይመለስም። የተበደለችው በነጥብ የተበለጠችው ልጅ ብቻ አይደለችም። ኮሌጆች ልጆችን የሚፈልጉት በአብዛኛው ከደረጃ 10 ነው፤ በ8 ዓመቷ ያገኘችውን ወርቅ የሚጠይቃት የለም።

ጥያቄውን ለአሠልጣኟ ያቀረብኩት በር ላይ ቆሜ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው። አልተቆጣችም። «ነገ ማታ ቁጭ ብለሽ እይ» አለችኝ። በማግስቱ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀመጥኩ። ልጄ በስፖንጅ የተሞላው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ሆና ወደ ኋላ መገልበጥ ትለማመዳለች፤ አሠልጣኟ አንድ እጇን ከጀርባዋ ሥር ይዛለች። ስድስት ጊዜ ተገለበጠች። በሰባተኛው አሠልጣኟ እጇን አነሳች፤ ልጄ ግን ይህን አላወቀችም ነበር።