«አርባዐ» አርባ አይደለም

አንባቢ ሆይ፤ የመተማ ዮሐንስ ሰሊጥ አምራች ከሱዳናዊ ጎረቤቱ ጋር ሲገበያይ ጆሮን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ሱዳናዊው «አርባዐ» ቢል አራት ማለቱ ነው እንጂ አርባ ማለቱ አይደለም። «ኸምሳ»ም አምስት እንጂ ሃምሳ፣ «ሰብዐ»ም ሰባት እንጂ ሰባ አይደለም። እንግዲህ ቋንቋውን ያልለመደ ሰው ዋጋውን ዐሥር እጥፍ አድርጎ ይሰማዋል ማለት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ዐረብኛና ግዕዝ እነዚህን የቁጥር ስሞች የወረሱት ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ግንድ ነው፤ አንዱ ከሌላው አልተበደረም። ግዕዝ አራትን «አርባዕቱ»፣ አርባን ደግሞ «አርብዓ» ይላል። በ«አርባዕቱ» ውስጥ ያለችውን «ት» አማርኛ በ«አራት» እና በ«ሰባት» መጨረሻ ላይ እስከ ዛሬ ይዟታል፤ የዐረብኛው የአፍ ንግግር ግን ጥሏታል። ዐሥሮቹን ዐረቡ «አርበዒን»፣ «ኸምሲን» እያለ ሲቈጥር፣ ግዕዝና አማርኛ «ኀምሳ»፣ «ሃምሳ» እያሉ ይጨርሳሉ። ስለዚህ የእርሱ አምስት የእኛን ሃምሳ መሰለ።

ከሺ ላይም ሲደረስ ነገሩ ያው ነው። የዐረቡ «አልፍ» 1,000 ሲሆን፣ የግዕዙ «እልፍ» 10,000 ነው። ግዕዝ አንድ ሺን «ዐሠርቱ ምእት» ይለዋል፤ ይኸውም ዐሥር መቶ ማለት ነው። «ሺ» የሚለው ቃላችን ከግዕዝ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከዐረብኛ ተናጋሪ ጋር ሲዋዋሉ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ቁጥሩን በጽሑፍ ወይም በጣትዎ አሳይተው ያረጋግጡ።