«ፀሐይ»፦ በአዲስ አበባ የተሠራችው አውሮፕላን

የቤጌምድር ሰማይ አውሮፕላንን የተዋወቀው በደግ ቀን አልነበረም፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንችም ጦርነት የቤጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ሲወድቁ፣ አስቀድሞ የአዋጅ ወረቀት፣ በኋላም ቦምብ የጣሉት የንጉሥ ተፈሪ አውሮፕላኖች ነበሩ። አገሪቱ የመጀመሪያውን አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ከተቀበለች ገና ስምንት ወር አልሞላትም ነበር።

እኒያ ከፈረንሳይና ከጀርመን ተገዝተው የመጡ ናቸው። «ፀሐይ» ግን በኋላ ንጉሠ ነገሥት በሆኑት በተፈሪ ትእዛዝ፣ በጀርመናዊው አብራሪ በሉድቪግ ቬበር መሪነትና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እጅ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በአዲስ አበባ የተሠራችና በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ቀላል አውሮፕላን ናት። ለመንግሥት ጉዳይ ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር መድረስ በበቅሎ ሳምንታትን በሚፈጅበት ዘመን፣ እንዲህ ያለች ክንፍ መመኘት የቅንጦት ምኞት አይመስለኝም።

የደብረ ታቦር ሰው ይህን ሲሰማ ጋፋት ትዝ ሳይለው አይቀርም። በከተማው አቅራቢያ ባለው በዚያ ስፍራ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን በጥበበ እድ አሠማርተው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀልጠዋል፤ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር የተነሣውም መድፍ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ እያስጠረጉለት፣ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። የጋፋት ፈተና ክብደትን በምድር ላይ መጎተት ሲሆን፣ የቬበር ፈተና ክብደትን ከምድር ማላቀቅ ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አምስት እጅ አንዱ ያህል የሳሳ ነው፤ በደብረ ታቦርማ፣ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከዚያም ይብስ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉን የሚያነሣው አየር ሲሳሳ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረጅም ሜዳ መሮጥ ይኖርበታል። «ፀሐይ»ን የሚያንቀሳቅሰው ቫልተር ቬኑስ የተባለው የቼኮስሎቫኪያ ሞተር ነበር፤ ሰባት ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ጨረር በዙሪያው የተተከሉ፣ ጉልበቱም 115 የፈረስ ጉልበት። ከዚህ ላይ ደጋው የሚወስደው ሲቀነስ፣ የተረፈው እያንዳንዱ ኪሎ የሚቈጠርበት ነው።

«ፀሐይ»ን ግን ከጣልያን ጋር የተደረገው ጦርነት ብዙ አላስበረራትም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ ጣልያኖች ወስደዋት፣ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ለዓመታት ተቀመጠች። ሴባስቶፖልን ግን የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ሲያግዝ እንኳ ትቶት ሄዷል፤ የሚያነሣው የለምና ዛሬም በዚያው ነው። «ፀሐይ» በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።