ከላይ የበራው ከታች ሲጠፋ

የደረጃ መብራት ከሌላው የቤት መብራት በአንድ ጠባይ ይለያል፤ ያበራው ሰው ሊያጠፋው ሲፈልግ ማብሪያው አጠገብ የለም። ከታች አብርቶ ወጣ፣ ሊተኛ ነው፣ ማጥፊያው ግን ምድር ቤት ቀረ። እንግዲህ ወይ መብራቱ ሲበራ ያድራል፣ ወይ አጥፍቶ ግድግዳ እየዳበሰ ይወጣል።

አሶሳ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚኖረው ምድር ላይ በተሠራ ቤት ነው፤ ፎቅና ደረጃ የሚያገኘው ሆቴል ወይም ቢሮ ሲገባ ነው። ችግሩ ግን በየግቢው አለ። ዋናው ቤት ከፊት፣ ማድ ቤቱ ከጀርባ፣ መጸዳጃው ከጓሮው ጥግ። በመካከላቸው ያለው መሬት ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ነው፤ ሣሩ ሲያድግ ደግሞ እግር ሥር ምን እንዳለ አይታይም። የግቢው መብራት ከበረንዳ ብቻ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ መጸዳጃ የገባው ሰው እዚያው እያለ ከቤት የወጣ ልጅ ያጠፋበታል። እናም ስለ ደረጃ መብራት የሚጻፈው ሁሉ እዚህ ለጓሮው ይሠራል።

«ሌሊቱን ቢበራስ ምናለ?» የሚል አይጠፋም፤ ነገሩም ከንቱ አይደለም። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 11 ሰዓት ቢበራ የሚቆጥረው 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በዚያው ጊዜ 0.66 ይበላ ነበር። የአሶሳ ሰው ግን ከቆጣሪው ሌላ ምክንያት አለው። አካባቢው ምስጥ የበዛበት ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን እንዳራሰው ክንፋሙ አሸን ከየጉድጓዱ ይፈላና ወደ መብራት ይሄዳል። ሲበራ ያደረ የበረንዳ አምፖል ጠዋት ሥሩ በክንፍ ተሞልቶ ይገኛል።

ሁለት ተራ ማብሪያ ገዝቶ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ መትከል አይበቃም። ተከታትለው በአንድ መስመር ከገቡ፣ አንዱ በጠፋ ቁጥር ሌላው ጋ ያለው ሰው ቢጫን ቢጫን መብራት አያገኝም። ጎን ለጎን ከገቡ ደግሞ አንዱ ያበራውን ሌላው ሊያጠፋው አይችልም። የሚያስፈልገው ባለሙያዎች ቱ ዌይ የሚሉት ማብሪያ ነው። ከፊት ሲታይ ከተራው አይለይም፤ ገልብጦ ጀርባውን ያየ ግን በሁለት ፈንታ ሦስት ብሎን ያገኛል። አንደኛው የጋራ ነው፣ ኮመን ይሉታል። ሁለቱ መውጫዎች ናቸው። ኮመኑ ሁልጊዜ ከሁለቱ መውጫዎች ካንዱ ጋር ተገናኝቶ ነው የሚኖር። ስለዚህ ይህ ዕቃ ለብቻው አያበራም፣ አያጠፋም፤ የሚሠራው መንገድ መምረጥ ብቻ ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ከብሬከር የመጣው ፌዝ የመጀመሪያው ማብሪያ ኮመን ላይ ይታሰራል። የመጀመሪያው ሁለት መውጫዎች ከሁለተኛው ሁለት መውጫዎች ጋር ተመላላሽ በሚባሉ ሁለት ሽቦዎች ይገናኛሉ። ከሁለተኛው ኮመን አንድ ሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ኒውትራል ማብሪያዎቹን ሳይነካ በቀጥታ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል። ሁለቱ ማብሪያዎች ያንኑ ሽቦ ከመረጡ መብራት አለ፤ ከተለያዩ የለም። ከሁለቱ አንዱን የነካ ሰው ወይ ያስማማቸዋል ወይ ያለያያቸዋል። የበራውም የጠፋውም የትም ቆሞ ይለወጣል ማለት ነው።

ሁለቱ ተመላላሽ ሽቦዎች በአንደኛው ጫፍ ቢቀያየሩ አያሳስብም፤ ያኔ መብራቱ ማብሪያዎቹ ሲለያዩ ይበራል፣ ሲስማሙ ይጠፋል፣ ተጠቃሚው ልዩነቱን አያውቀውም። ጉድ የሚፈላው ኮመኑ የተሳሳተ እንደሆነ ነው። «የቤቱ ማብሪያ ወደ ታች ካልሆነ የጓሮው አይሠራም» የሚል ስሞታ ከተሰማ፣ ሌላ ነገር ከመፍታት በፊት ኮመኑን መፈተሽ ነው። ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላው ኮመኑ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሚለያይ፣ አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን «እንደነበረው» ማሰር የዚህ ስሕተት ዋና ምንጭ ነው። ፌዙን ከብሬከር አጥፍቶ በመልቲሜትር መለየት ጊዜ አይወስድም። በሽቦ ቀለም መተማመን ግን አይገባም፤ የቀለም ልማድ ከቤት ቤት ይለያያል።

በእንዲህ ያለ መስመር የማብሪያው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆን ስለ መብራቱ ምንም አይናገርም። ይህ መብራት ሲሄድ ያስቸግራል። አሶሳ ያለችበት ቤንሻንጉል ጉሙዝ ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያለበት ክልል ነው፤ ሆኖም መብራት የመሄድና የመምጣት ነገር ከቤተሰብ ወሬ አልወጣም። መብራት በሄደበት ሰዓት ማብሪያውን ሁለት ሦስቴ የነካካ ሰው የጓሮው አምፖል በየትኛው ሁኔታ እንደቀረ ሊያውቅ አይችልም። ሌሊት ሲመጣ በርቶ ሊያገኘው ይችላል። መድኃኒት የለውም፣ ጉዳትም የለውም።

የአሶሳ ግቢ ግን በሁለት ጫፍ አያበቃም፤ ቤት፣ ማድ ቤትና መጸዳጃ ሦስት ናቸው። ለሦስተኛው ኢንተርሚዲየት የሚባል ባለ አራት ብሎን ማብሪያ ያስፈልጋል። የሚገባው በሁለቱ ቱ ዌዮች መካከል፣ በተመላላሾቹ ሽቦዎች ላይ ነው። ሥራው ሁለቱን ሽቦዎች አንዴ ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ፣ አንዴ ማጠላለፍ ነው። አራተኛ ቦታ ከተፈለገ ሌላ ኢንተርሚዲየት ይጨመራል፤ ማለቂያ የለውም። ከዳርና ከዳር ግን ሁልጊዜ ቱ ዌይ ነው። ኢንተርሚዲየት ሲጠፋ ባለ ሁለት ቁልፍ ቱ ዌይ ማብሪያ ይተካዋል ብሎ የሚሞክር አለ። አይተካውም፤ ሁለቱ ቁልፎች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ አንዱ ተነክቶ ሌላው ይቀራል። ብዙ ማብሪያ ለሚፈልግ ቦታ፣ ለምሳሌ ለሆቴል ኮሪደር፣ በመጫኛ ቁልፍ የሚታዘዝ ሪሌ ይሻላል፤ በየቦታው የሚደርሰው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው።

ሦስት ማብሪያዎች ስምንት ዓይነት አቀማመጥ አላቸው፤ በአራቱ ይበራል፣ በአራቱ ይጠፋል። ነገሩ ሒሳብ ሆኖ ሊጻፍ መቻሉ ቀልድ አይደለም። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1937 በኤምአይቲ ለማስተርስ ዲግሪው የጻፈው ጥናት የማብሪያና የሪሌ መስመሮች በእውነትና በሐሰት ሥነ አመክንዮ ሊሰሉ እንደሚችሉ አሳየ። ኮምፒውተር ዛሬም ሁለት አሃዞችን ሲደምር «ከተለያዩ አንድ፣ ከተመሳሰሉ ዜሮ» የሚለውን ደንብ ይጠቀማል። የደረጃው መብራትም በዚሁ ደንብ ነው የሚሠራው።

የጓሮ መስመር አንድ አደገኛ ፈተና አለው። ማድ ቤቱ የራሱ ፌዝና ኒውትራል አለው፤ ቤቱም አለው። «ሁለቱንም በየማብሪያው ላይ አስሮ አምፖሉን በሁለቱ ኮመኖች መካከል ማድረግ» ሽቦ ይቆጥባል፣ ይሠራልም። ነገር ግን አምፖሉ ከሚጠፋባቸው ሁለት አቀማመጦች በአንዱ፣ የአምፖሉ መያዣ ሁለቱም ጫፎች 220 ቮልት ላይ ይቀራሉ። ጠፍቷል ብሎ አምፖል ሊቀይር እጁን የሰደደ ሰው ፌዝ ይነካል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ይህን አገጣጠም እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ከልክሎታል። ከዚህ የሚለዝበው፣ ግን የማይናቀው ስሕተት ደግሞ ፌዙን ከቤት ወስዶ ኒውትራሉን ከማድ ቤት መዋስ ነው። የማድ ቤቱን ብሬከር አጥፍቶ የሚሠራ ባለሙያ፣ ሞቷል ባለው መስመር ኒውትራሉን ሲፈታ ሊይዘው ይችላል። ፌዝና ኒውትራል ከአንድ ብሬከር ይምጡ።

የሽቦው ውፍረት ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። መሬት ውስጥ የሚሄደው ግን ከነኮንዲዩቱ መቀበር አለበት፤ እርጥበቱ አንድ ነገር ነው፣ ምስጥም የፕላስቲክ ልባስ ይበላል። በቀርከሃና በጭቃ በተሠራ ግድግዳ ላይ ሽቦውን በቀርከሃው መካከል ከመሸጎጥ ከላይ በኮንዲዩት ማሳለፍ፣ መገናኛውንም በሳጥን ውስጥ ማድረግ ይሻላል፤ የላላ መገናኛ ይግላል፣ ደረቅ ቀርከሃ ደግሞ እሳት አይጠላም። የሽቦውም ቁጥር ግድግዳው ከመለሰኑ፣ ቦዩም ከመደፈኑ በፊት መወሰን አለበት። ማብሪያዎቹን የሚያገናኙት ሁለት ተመላላሾች ናቸው፤ አምፖሉ ጓሮ ከሆነ ከቤት የሚነሣ ኒውትራል ይጨመራል፣ ኧርዝ አራተኛ ነው።

ሁሉም በትክክል ተሠርቶ ኤልኢዲው ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ይችላል። ተመላላሾቹ ረጅም መንገድ አብረው ስለሚሄዱ፣ ፌዝ የያዘው ሽቦ ባልያዘው ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳድርበታል፤ ጥራቱ ዝቅ ያለ ኤልኢዲ ለዚያም ይበቃል። ማብሪያ መቀየር አይፈታውም። መስመሩን ከመፍታት በፊት ሌላ ዓይነት አምፖል አስገብቶ ማየት ይረክሳል።