ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር፦ የስሜን ገደል አፋፍ መንገድ

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ሰው ቡይት ራስ ሲደርስ ከሰሜኑ ገደል አፋፍ ጋር ይገናኛል። ከዚያ እስከ ሳንቃበር ካምፕ ያለው የእግር መንገድ አፋፉን ተከትሎ ይሄዳል። ሁለቱም ጫፎች ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ዳገትና ቁልቁለቱ አጫጭር ነው፤ ቀስ ብሎ የሚራመድም በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ስሜን ሲባል የብዙ ጎብኚ ሐሳብ የሚሄደው ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ዳሸን ነው። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ግን ይህ አፋፍ የተሻለ ምርጫ ነው።

የመንገዱ ቅለትና የገደሉ አስፈሪነት ምንጫቸው አንድ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ዓለት በአካባቢው ደጋግሞ ፈስሶ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ረጋ። ዓለቱ ሲቀዘቅዝ ስለተኮማተረ ቀጥ ብለው ቁልቁል የሚወርዱ ስንጥቆች አበጀ። በንብርብሮቹ መካከል ደግሞ ቶሎ የሚፈረፈር ልል አፈርና አመድ አለ። ወደ ተከዜ የሚወርዱት ጅረቶች ይህን ልሉን ሲቦረቡሩት ከላይ ያለው ጠንካራ ዓለት ድጋፍ አጥቶ በስንጥቁ መስመር ይገመሳል። ስለዚህ ገደሉ ወደ ኋላ ይሸሻል እንጂ ተዳፋት አይሆንም። መንገደኛው የሚረግጠው ገና ያልተበላውን የአምባውን ጀርባ ነው፤ ወደ ደቡብ በዝግታ ያዘነብላል፣ በሰሜን በኩል ድንገት ያልቃል። ከታች ተነጥለው የቆሙት ሾጣጣ ተራሮች የዚያው አምባ ፍርስራሾች ናቸው። ጥርት ባለ ቀን በጎናቸው ላይ የሚታዩትን አግዳሚ መስመሮች በአፋፉ ግድግዳ ላይ ካሉት ጋር ማስተያየት ይቻላል።

አበባው የሚበዛው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። የአስታ ቁጥቋጦ በበዛበት አካባቢ የአምጃ ቢጫ አበባ፣ ቀጋና ማገጥ ይታያሉ፤ ከእግር ሥር ሲረገጥ የሚሸተው ጦስኝ ነው። ከሁሉ ጎልቶ ዓይን የሚስበው ግን ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይበቅለው አሽንዳ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ዘንጉ በቁልቁል በተንጠለጠሉ ጠባብ ቱቦዎች ተሸፍኗል። አበባው ከታች ወደ ላይ እየፈነዳ ስለሚሄድ ያልፈኩት እንቡጦች ከላይ ብርቱካናማ ሆነው፣ የፈኩት ከታች ቢጫ ሆነው ይታያሉ። የቱቦው ጠባብነት ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ላላት ወፍ የሚመች ነው። በተከዜ ስም የምትጠራው አንጸባራቂ ወፍ ማሩን ስትቀስም ግንባሯ ላይ የተጣበቀውን የአበባ ዱቄት ወደ ሌላው ዘንግ ትወስዳለች።

ጅባራ ከፍ ባለው ስፍራ፣ ወደ ጊችና ጨነቅ ካምፖች ይበዛል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቅጠሎቹን ወደ መሃል ሰብስቦ ለጋውን እንቡጥ ከውርጭ ይከላከላል። ለብዙ ዓመታት ካደገ በኋላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ ያወጣል፤ ዘሩን ከበተነም ይሞታል።

በሜዳው ላይ የሚሰማሩት ጭላዳዎች ዋና ምግባቸው ሣር ነው። ቁጭ ብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየነጩ ይበላሉ፣ ሲመሽ በገደሉ ላይ ያድራሉ። መንገደኛን ብዙም አይሸሹም፤ ምግብ መስጠት ግን ጠባያቸውን ያበላሻል።

ጉዞው በጠዋት ቢጀመር ይመረጣል። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ገደሉን ተንተርሶ ይወጣና ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አፋፉ በጉም የሚሸፈንበት ቀን ብዙ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ ራሱንም ሊያመው ይችላል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለምዶ ስለሚመጣ ያን ያህል አይቸገርም። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይልቅ ቆዳን ያቃጥላል፤ ባርኔጣ አይቀርም። ነፋስ በበረታ ጊዜና በጉም ውስጥ ከገደሉ ጠርዝ ራቅ ብሎ መሄድ ይገባል፤ ከሣሩ ሥር ያለው ዓለት የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል።